ማጨጃው ከመግባቱ በፊት

ወንድሜ ኦርሊን ሞተር ካልጮኸለት የማይናገር ሰው ነው። ይህን የምለው ላማው አይደለም፤ ለማማትማ ሌላ ብዙ አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በከተማችን የእህል ጎተራ ውስጥ፣ ማድረቂያው ቀን ከሌት በሚያገሳበት ቦታ ነው። እዚያ ሰው የልቡን ቢናገር ሰሚ ስለሌለው፣ ኦርሊን የልቡን መናገር የለመደው እዚያ ነው። ነፍሷን ይማርና፣ ጆይስንም አግቢኝ ያላት ማድረቂያው እያገሳ ነበር። ጎበዝ ሴት ነበረች፤ ከንፈሩን አንብባ እሺ አለችው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ወንድሜ ቢራ አይቀምስም፤ የሱን ሆድ የሚያወጣው ሞተር ነው።

ጆይስ ካረፈች፣ እሱም ጡረታ ከወጣ በኋላ የቀረለት ሞተር አንድ ብቻ ሆነ፦ ላዩ ላይ ተቀምጦ የሚነዳው አረንጓዴ የሣር ማጨጃ። እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ ግቢዎቻችን አጥር የላቸውም። የኔ ሣር የት እንደሚያልቅ፣ የጎረቤቴ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው ልባችን ነው። ስለዚህ ጨዋ ሰው ሲያጭድ ልክ ድንበሩ ላይ አይቆምም፤ አንድ መስመር ወደ ጎረቤቱ አልፎ ያጭዳል። አንድ መስመር ሰላምታ ነው። ካላለፈ ተቀያይመዋል ማለት ነው። ሁለት መስመር ካለፈ ግን ሰው መስኮት ላይ ይወጣል።

ኦርሊን ወደ አርዲስ ሆልም ግቢ ሁለት መስመር ባለፈ ጊዜ መስኮት ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ቤቴ ከመንገዱ ማዶ፣ ለሁለቱም ፊት ለፊት ነው። እግዜር እዚህ ሲያስቀምጠኝ አስቦበት መሆን አለበት።

አርዲስ ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ናት። የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ስለነበረች የዚህ ከተማ ጎልማሳ ሁሉ የሷን የተፈጨ ድንች በልቶ ያደገ ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቋ ቀድሟት በር የሚገባ ሴት። በእጅ የምትገፋ ትንሽ ማጨጃ ነበረቻት። ኦርሊን በየበጋው አንድ አንድ መስመር እየጨመረ፣ እየጨመረ፣ አምና ለሷ የቀረላት ደረጃዋ ሥር ያለች ምንጣፍ የምታህል ሣር ብቻ ነበረች። አንድም ቀን ተዉ አላለችውም። ዘንድሮ በረዶው እንደቀለጠ ግን ሄዳ አዲስ፣ ቀይ፣ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ማጨጃ ገዝታ መጣች።

ወንድሜ ምግብ አልበላ አለ።

"ድንበርህን እወቅ ማለቷ ነው" አለኝ።

"አንተ ሞኝ! ድንበርህን እወቅ ለማለት ሰው ማጨጃ ይገዛል? አብራህ ልትነዳ ነው እንጂ!"

"አንቺ መቼም ሁሉን ወደምትወጂው ነው የምትፈቺው፣ ማርሊስ።"

"እሺ፣ ሐሙስ ይለየናል።"

ሐሙስ ኦርሊን የሚያጭድበት ቀን ነው። ሐሙስ ደረሰ። እሱ አስነሳ። ብዙም ሳይቆይ ከወዲያ በኩል ሌላ ሞተር ተነሳ፤ አርዲስ ናት፣ ሻሿን አገጯ ሥር አስራ፣ ጀርባዋን እንደ ጄኔራል ቀጥ አድርጋ። ያን በጋ ሁለቱ ጎን ለጎን እየነዱ ሲጯጯሁ ከረሙ። እሱ ይጮሃል፣ እሷ "አቤት?" ትላለች። እሷ ትጮሃለች፣ እሱ እጁን ጆሮው ላይ ይደግናል። ከዚያ ሁለቱም በሳቅ ይንከተከታሉ። ምን እንደተባባሉ ማንም አያውቅም፤ እነሱም አያውቁም። ሞተሩ ሲጠፋ ግን ወንድሜ ቆቡን ነካ አድርጎ "እንግዲህ" ይልና ይገባል። እንግዲህ ብቻ! እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ ፀጉሬን እነጫለሁ።

እንዲህ እንዲህ ሲል ቅጠሉ ረገፈ። እኛ አገር ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ ማጨጃ ይታጠባል፣ ዘይቱ ይቀየራል፣ ይሸፈናል፣ ጋራዥ ይገባል። ማጨጃው ገባ ማለት ሰውም ገባ ማለት ነው። በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ጎረቤትህን የምታየው ካፖርት ለብሶ ከመኪና ወደ በር ሲሮጥ ነው፤ እሱ መሆኑንም በአካሄዱ ገምተህ ነው። ኦርሊን ይህን ስላወቀ ማጨጃውን አላስገባም። ከተማው ሁሉ አስገብቶ ጨርሷል፣ እሱ ይነዳል። ውርጭ የመታውን ሣር፣ ከዚያም ሣር ያልሆነውን፣ ከዚያም አቧራውን አጨደ። አርዲስም ከጎኑ ሆና አቧራ ታጭዳለች። አላፊ አግዳሚው መኪናውን አቁሞ "ዘንድሮ ምርቱ እንዴት ነው?" እያለ ይቀልድባቸዋል።

ወሬውን የሰማሁት በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ ነው። አርዲስ ራሷ ነገረችኝ። ልጇ ሼሪ ከአሪዞና መጥታ ቅዳሜ ልትወስዳት ነው።

"ለበረዶው ወራት ብቻ ነው አይደል?" አልኳት።

"ለመጀመሪያው ብቻ። ከዚያ ቤቱ ይሸጥ ትላለች። እዚያ ሣር የለም፣ ጠጠር ነው፣ አትቸገሪም አለችኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"እኔማ ምን እላለሁ?" አለች፣ ሳህኗ ላይ ያለውን ካሮት በሹካ እየገፋች። "እዚህ ቅሪ ያለኝ ሰው የለም።"

ካሮቱን ወደ ሳህኑ ጠርዝ ወሰደችው፣ መለሰችው፣ እንደገና ወሰደችው። እኔ ሹካዬን ጥዬ ተነሣሁ። በቀጥታ ወንድሜ ቤት ሄድኩና ካፖርቴን ሳላወልቅ ነገርኩት። ሲሰማ ፊቱ እንደ ሊጥ ሆነ።

"ነገ ሐሙስ ነው" አልኩት። "በረዶ ይጥላል ተብሏል። ነገ ማጨጃው ይገባል፣ ከነገ ወዲያ ሻንጣ ይታሰራል፣ ቅዳሜ ትሄዳለች። ካልተናገርክ አለቀልህ፣ ኦርሊን።"

"እናገራለሁ" አለ።

"በሰው ቋንቋ ነው የምልህ። 'እንግዲህ' አይቆጠርም!"

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜ ተላጭቶ፣ የገና ሹራቡን ለብሶ ብቅ አለ። ዘይት ሊቀይር በገና ሹራብ! አርዲስ ደረጃዋ ላይ ቆማ ነበር።

"የርስዎንም ማጨጃ አብረን እናዘጋጀው ይሆን?" አላት።

"ኧረ አይቸገሩ!"

"ምን ችግር አለው። መቼም ለኔው ዕቃ ማውጣቴ አይቀርም።"

"አይ አይ፣ ሥራ እንዳላበዛብዎ።"

"እንዲያው ቢያመጡት ደስ ይለኛል።"

"እንግዲያው ካላስቸገርኩዎ" አለችና እየሮጠች አመጣችው።

እኛ ጋ ነገር እንደዚህ ነው። ኬክም ቢሆን፣ ቡናም ቢሆን፣ መኪናህን ከበረዶ ጎትቼ ላውጣልህ ቢባልም፣ አንደኛውንና ሁለተኛውን ግብዣ ሰው እምቢ ይላል። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሆዳም ነው፣ ስድ ነው፣ ምናልባትም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነው። በሦስተኛው እሺ ይባላል። በሦስተኛውም እምቢ ካለ ግን የምሩን ነውና አራተኛ መጠየቅ ነውር ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚጠባው። ወንድሜም አርዲስም ጠብተውታል፣ እስከ ጥጋብ ድረስ።

ሥራው ተጀመረ። እኔ ደግሞ መስኮት ስር ሳህን ማጠብ ጀመርኩ፤ የታጠበውንም ደግሜ አጠብኩ። ኦርሊን ማጨጃዎቹን በክሪክ አንሥቶ ከሥራቸው የተጋገረውን ሣር ፋቀ። እሷ የፋቀውን ትጠርጋለች። ስለቱን ፈታ፣ በሞረድ ሳለው፣ እሷ በጣቷ ሞክራ "ውይ!" አለችና ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ወንድሜ መሐረቡን ሲፈልግ ሁሉንም ኪሱን ገለበጠ። አሮጌውን ዘይት አፈሰሱ፣ አዲስ ሞሉ፣ ካንዴላውን ለወጡ። እስካሁን አንድ ቃል የለም! "ያንን ያቀብሉኝ"፣ "ይኸው"፣ በቃ። ሰማዩ ጠቁሮ ዝቅ ብሏል። እኔ ሳህኑን ይዤ "በል! በል እንጂ!" እላለሁ ለመስታወቱ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ቤንዚኑ ነበር። ቤንዚን የበረዶውን ወራት ሙሉ ውስጡ ከተቀመጠ ይበላሽና ካርቡራተሩን ይደፍነዋል። ስለዚህ ኦርሊን ሞተሩን አስነሥቶ፣ ጠብታ እስከማይቀር ያቃጥለዋል። አስነሣ። የጭስ ማውጫው ማርሚታ ከሁለት ዓመት በፊት ተበስቷል፤ እንደ ኮርማ ያገሳል። እሱ አረንጓዴው ላይ ተቀመጠ፣ እሷ ሞተሩ የጠፋው ቀይ ላይ ሆና ተራዋን ትጠብቃለች። ጉልበታቸው ሊነካካ ጥቂት ነው የቀረው።

ሞተር ጮኸ፤ ወንድሜም ሰው ሆነ! ዞር ብሎ አፉን በሰፊው ሲከፍት በዓይኔ አየሁት። አርዲስ ፈገግ አለችና እጇን አወዛወዘች፤ አይ፣ አይ፣ አመሰግናለሁ እንደሚሉት። ኦርሊን ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆየና እንደገና ጮኸ፣ በዚህኛው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። አሁንም እጇን አወዛወዘች። ምን እየተባባሉ ነው? መስኮቱን ከፈትኩት። ከማርሚታው በቀር የሚሰማ የለም። ኦርሊን ለሦስተኛ ጊዜ አየር ሳበ፣ የገና ሹራቡ እስኪወጠር ድረስ። ልክ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ አንዴ አሳለው፣ ደግሞ አሳለው፣ ጸጥ አለ። ወንድሜ ግን መመለሻ አልነበረውም።

"አርዲስ! ያግቡኝ!"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ፣ ከጎተራው ግድግዳ ጋር ተላትሞ ተመልሶ መጣ፤ እኛም ሁለተኛ ሰማነው። ፖስታ አመላላሹ እጁ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ። የማን እንደሆነ የማላውቀው ውሻ መጮህ ጀመረ። እኔ ሳህኑን ለቀቅኩት፤ ደግነቱ የወደቀው አረፋው ውስጥ ነው።

አርዲስ ከማጨጃዋ የባሰ ቀላች። አፏ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ ተከፈተ።

"ኧረ ተዉ!" አለች። "ለኔ ብለው እንዳይቸገሩ!"

ወንድሜ ቀስ ብሎ ወረደ። ቆቡን ነካ አደረገ። "እንግዲህ" አለ። ከዚያ ማጨጃውን እየገፋ ጋራዥ ገባና በሩን ዘጋው።

ካፖርት አላሰብኩም። በቤት ጫማዬ መንገዱን ተሻግሬ በጎን በር ገባሁ። ኦርሊን ተንበርክኮ፣ ማርሚታው አፍ ውስጥ አይጥ እንዳይገባበት የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ይወትፋል። ባትሪውን ነቅሎ አስቀምጦታል። ወንበሩ ላይ የብል መድኃኒት በትኗል። አንድ ሙሉ ፓኬት! አይጥ ቀርቶ ሰው የሚያባርር ነው።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"እያስገባሁት ነው።"

"ሴትዮዋ ውጭ ቁጭ ብላለች እኮ!"

"ሦስቴ ጠየቅኳት፣ ማርሊስ። ሦስቴም እምቢ አለች።" ሽቦውን በአውራ ጣቱ ጠቀጠቀው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከብል መድኃኒቱ ነው እንዳልል አውቀዋለሁ። "አራተኛ አልጠይቅም። ሰው አላስጨንቅም። ቅዳሜ በሰላም ትሂድ።"

"መቼ ነው ሦስቴ የጠየቅከው?"

"አላየሽም? ሁለቴ አስቀድሜ፣ ኋላ ደግሞ..."

"ሞተሩ እየጮኸ?"

እኔ ሣቄን ለመያዝ መደርደሪያውን ጨበጥኩ፣ አልተያዘልኝም፣ ዘይት ጣሳው ላይ ተደገፍኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ተናዶ "ምን ያስቅሻል?" ሲለኝ ደግሞ ብሶብኝ እየተንፈራፈርኩ ወጣሁ።

አርዲስ ቀይ ማጨጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ናት። በረዶው ጀምሯል። ሻሿ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ፣ መሪውን በያዙት እጆቿ ላይ አርፏል። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

"አርዲስ፣ ምን ያስቀምጥሻል? በረዶ ሆነሽ እኮ!"

"ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነው" አለችኝ እየተንቀጠቀጠች። "ከገባሁ እምቢ ያልኩ ይመስለዋል ብዬ ነው። ምነው ቆየ?"

"ኦርሊን ሦስቴ ጠይቄያታለሁ ነው የሚለው።"

"ሦስቴ? አንዴ ነው የሰማሁት! ከዚያ በፊትማ ቡና ይጠጣሉ ወይ የሚለኝ መስሎኝ ነው።"

"ታዲያ ስትሰሚው እሺ አትይም ነበር?"

አርዲስ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። "በመጀመሪያው? ማርሊስ! ምን ዓይነት ሴት መሰልኩሽ?"

ተመልሼ ሮጥኩ። አንዱ የቤት ጫማ መንገድ ላይ ቀረ። በሩን በርግጄ "አንዴ ነው የሰማችው! አንዴ! ሁለት ይቀርሃል፣ ሰውዬ፣ ተነሥ!" አልኩት። ኦርሊን እጁ ላይ ሽቦ እንደያዘ ተነሣ። ፊቱ ላይ የሆነውን ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እኔ ራሴ እየዘለልኩ ስለነበር በደንብ አላየሁትም። ከኋላው ገፍቼ አወጣሁት።

ፊቷ ሄዶ ቆመ። ምንም ሞተር የለም። በረዶ ደግሞ ሲጥል ዓለም እንዴት ጸጥ እንደምትል ታውቃላችሁ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አርዲስ፣ ያግቡኝ" አለ፤ እንደ ትንኝ ባለ ድምፅ።

"አይ፣ ደግሞ ለኔ ሲሉ" አለች፣ ዓይኗ እየበራ።

ሁለት። ሁለታችንም ሦስተኛውን ጠበቅን። ኦርሊን አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረ። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ፣ በዚያ ብርድ! ዓይኑ እየተንከራተተ ሄዶ ቀይ ማጨጃው ላይ አረፈ።

"ላስነሣው ይሆን?" አላት። "ትንሽ ብቻ?"

አርዲስ ቁልፉን ከማጨጃው ነቅላ ኪሷ ከተተች።

"አይነሣም" አለች። "እንዲሁ ይንገሩኝ። ሁሉንም ልስማው።"

ወንድሜ መጀመሪያ ጫማውን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ እሷን አያት። ወደ ጆሮዋ አልተጠጋም፣ አልጮኸም፤ ሰው ለሰው እንደሚያወራ፣ በተራ ድምፅ ማውራት ጀመረ። ረጅም ነበር! ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ! እኔ ለመስማት አንድ እርምጃ ብጠጋ አርዲስ ዓይኗን ከሱ ሳታነሣ "ማርሊስ፣ ጫማሽ መንገድ ላይ ነው፣ መኪና ይሄድበታል" አለችኝ። ይህን ያህል ዓመት የሁለቱንም ኑሮ በመስኮት ስከታተል ኖሬ፣ ዋናውን ነገር ጫማ ለማንሣት ስል አመለጠኝ። እግዜር ያሳያችሁ!

ጫማዬን ይዤ ስመለስ የደረስኩት ለመጨረሻው ነው። አርዲስ ጉንጯ ረጥቧል፤ በረዶ ይሁን ሌላ አልጠየቅኳትም።

"እሺ" አለች።

ኦርሊን ያልሰማ ይመስል ቆመ። ከዚያ የእናታችን አስተዳደግ አሸነፈውና "እርግጠኛ ነዎት? ለኔ ብለው እንዳይ..." ብሎ ጀመረ።

"ኦርሊን!" አለችው፣ የሹራቡን ደረት በሁለት እጇ ጨምድዳ። "እምቢ ስንት ጊዜም ይባላል። እሺ ግን አንዴ ነው። ሁለተኛ አታስብለኝ።"